የጥንቸሉ ምልክትና የእኛ ፍርድ

ይህን ጽሑፍ ለውድ አንባብያን ለማቅረብ ብዕር ስናነሣ ጥቂት አመንትተናል። ነገሩ የሽንት ነገር ነውና፥ «በቤተ ሰብ መጽሔት ላይ ይነገራልን?» የሚል አሳብ መጣብን። ዳሩ ግን ሕፃናትና የቤት እንስሳት ባሉበት ቤት ሁሉ ይህ ነገር መድረሱ አይቀርም። ከዚህም በላይ እኛ በዚሁ ምክንያት አባትና እናት በሌለው ሕፃን ላይ የተሳሳተ ፍርድ ፈርደናል። ስለዚህ የደረሰብንን ሳንሸሽግ መናገሩ ለሌሎች ወላጆች ትምህርት ይሆናል ብለን ጻፍነው።

እኛ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ፊደል ቈጥረን፥ ዳዊት ደግመን፥ ዲቁና ተቀብለን፥ ኋላም በዘመናዊው ትምህርት ቤት አልፈን፥ ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ በመምህርነት ሥራ ላይ እንገኛለን። በ2014 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማችን በሞት ተለየን። እናቱ ቀደም ብላ ያረፈችበትን የሰባት ዓመት ልጁንም ከሰሜን ሸዋ ገጠር ወደ አዲስ አበባ አምጥተን ከሁለቱ ወንዶች ልጆቻችን ጋራ እናሳድገው ጀመር። ብላቴናው ዝምተኛ ነበር። ሲጠሩት «አቤት» ይላል፤ ሲያዙት ይፈጽማል፤ ካልጠሩት ግን ከተቀመጠበት ማዕዘን አይነሣም። በማዕድ ጊዜ እንኳ «ብላ እንጂ» ካልተባለ እጁን አይዘረጋም ነበር።

በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አብሮን ያስተምር የነበረ አንድ ባልንጀራችን ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር፥ ሁለት ወር የሆነውን ነጭ ወንድ ጥንቸል ለልጆቻችን ሰጣቸው። ልጆቹም «በረዶ» ብለው ስም አወጡለት። የእኛዎቹ ለአንድ ሳምንት ያህል ከተሻሙበት በኋላ ወደ ኳሳቸው ተመለሱ። ድርቆሽ የሚያቀርብለት፥ ውኃውን የሚለውጥለት፥ ሣጥኑን የሚጠርግለት የወንድማችን ልጅ ብቻ ሆነ። በስድስት ወር ውስጥ ለእኛ ከተናገረው ቃል ይልቅ በአንድ ቀን ለጥንቸሉ የሚነግረው ይበልጥ ነበር።

ከእኛ ጋራ የሚኖሩት አማታችን ግን ነገሩን አልወደዱትም። «መምህር፥ የማይበላ እንስሳ በክርስቲያን ቤት ምን ይሠራል?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸል ከማይበሉት ጋራ መቈጠሩን፥ ቃሉ ስለ መብል የተነገረ እንጂ ፍጥረቱን መጥላትን የሚያዝዝ አለመሆኑን፥ ውሻና ድመትም ሳይበሉ ከእኛ ጋራ እንደሚኖሩ አስረዳን። እርሳቸውም «እንግዲያስ ከጸሎት ስፍራዬ ይራቅልኝ» ብለው ተስማሙ።

በታኅሣሥ ወር መጨረሻ የብላቴናው ፍራሽ ረጥቦ ተገኘ። ሁለቱ ልጆቻችን በተደራራቢ አልጋ ሲተኙ፥ እርሱ የሚተኛው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነበር። ጥንቸሉ ሌሊት በመተላለፊያው በሣጥኑ ያድርና ባለቤታችን ማለዳ ስትነሣ ትለቀዋለች። እኛም በዚያን ጊዜ ይህን ከዚያ ጋራ አላያያዝነውም። በመጀመሪያው ቀን «ሕፃን ነው፥ ያጋጥማል» ብለን አለፍነው። በሁለተኛው ከራት በኋላ ውኃ እንዳይጠጣ አዘዝን። በሦስተኛውና በአራተኛው ግን ትዕግሥታችን አለቀ። «ኀፍረት ይፈውሰዋል» አልንና ፍራሹን ተሸክሞ በግቢው መካከል፥ ጎረቤት ሁሉ እያየው፥ ፀሐይ ላይ እንዲያሰጣ አደረግነው። የግቢው ልጆችም ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሽንታሙ» ይሉት ጀመር።

ብላቴናው አንድ ቀን እንኳ «እኔ አይደለሁም» አላለም። እኛም ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቈጠርንበት።

ባለቤታችን አንሶላውን ስታጥብ አንድ ነገር አስተውላ ነበር። «ይህ ሽንት ሲደርቅ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ይተዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ወደ ቀይ ያደላል። የልጆቻችን እንዲህ ሆኖ አያውቅም» አለችን። እኛ ግን «ቀይ ሥር በልቶ ይሆናል» ብለን ነገሩን አቃለልነው። በየቀኑ እጃችን በጠመኔ ብናኝ የሚነጣው እኛ፥ ያን ነጭ ዱቄት አይተን አልመረመርንም።

እውነቱ የተገለጠው ጥር 12 ቀን፥ በቃና ዘገሊላ ዕለት ነው። አማታችን ታቦት ሸኝተው ተመልሰው፥ በነጭ ቀሚሳቸው እንዳሉ ከሳሎን ተቀምጠው ነበር። በረዶ ከጓዳ ወጥቶ ዝቅ ባለ ድምፅ እያጕረመረመ እግራቸውን ሁለት ሦስት ጊዜ ዞራቸው። ከዚያ ዘለል አለና ወገቡን ጠምዝዞ ከቀሚሳቸው ጫፍ እስከ ጕልበታቸው ድረስ ሽንቱን ረጨባቸው። አማታችን «በስመ አብ!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ባለቤታችን ግን አንዲት ቃል ሳትናገር ወደ ልጆቹ ክፍል ገብታ የብላቴናውን ፍራሽ ከግድግዳው አራቀችው። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በግድግዳው ላይ የተረጨ፥ ደርቆ የነጣ ነጠብጣብ ተገኘ። ተኝቶ ያለ ሕፃን እንዲህ ሊያደርግ አይችልም።

በዚህ ጊዜ ብላቴናው እየሮጠ መጥቶ ጥንቸሉን በደረቱ አቀፈውና፥ «ጋሼ፥ በረዶን አይስጡብኝ! እኔ ነኝ! የሸናሁት እኔ ነኝ!» እያለ አለቀሰ። ሁላችንም በዐይናችን ያየነውን የቀሚሱን በደል ሳይቀር በራሱ ላይ ወሰደ። እኛም የምንለውን አጥተን ቆምን።

በማግሥቱ ጥንቸሉን በካርቶን አድርገን ወደ አንድ የእንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙ ቀድሞ ተማሪያችን የነበረ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ግን ተማሪዎቹ እኛና ብላቴናው ነበርን። ከእርሱ የሰማነውንና ኋላም በንባብ ያገኘነውን፥ ጥንቸል ለሚያሳድግ ቤት ይጠቅማልና፥ ባጭሩ እናቀርባለን።

በአማርኛችን «ጥንቸል» የምንለው ስም ሁለት ዓይነት እንስሳ ይይዛል። አንደኛው በሜዳችን የሚሮጠው የዱር ጥንቸል ነው፤ ሳይንስ ሌፑስ ስታርኪ የሚለው ወገኑም የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ይህ እንስሳ ጕድጓድ ሳይቈፍር፥ ይበልጡን ጊዜ ብቻውን፥ በሣር ውስጥ የሚኖር ነው። ልጆቹም ጠጕር ለብሰው፥ ዐይናቸው ተከፍቶ ይወለዳሉ። በቤት የሚረባው ጥንቸል ግን ዘሩ ከእስፓኝ፥ ከፖርቱጋልና ከደቡብ ፈረንሳይ የመጣ ሌላ ወገን ነው። ጕድጓድ ቈፍሮ በማኅበር ይኖራል፤ ልጆቹም ዕራቁታቸውንና ዐይናቸው ተጨፍኖ ይወለዳሉ። ገጠር ያደግን ሰዎች «ጥንቸልንማ እናውቃለን» ስንል የምናውቀው የመጀመሪያውን ነው፤ የሁለተኛውን ጠባይ ግን አናውቅም።

በማኅበር የሚኖር እንስሳ የርስቱን ወሰን ማስታወቅ ያስፈልገዋል። ሰው ድንበሩን በድንጋይና በአጥር ያመለክታል፤ ጥንቸል ግን በጠረን ያመለክታል። ከአገጩ ሥር ጠረን የሚያመነጭ ዕጢ ስላለው በዕቃ ላይ አገጩን ይፈትጋል፤ በወሰኑ ላይ በጠጡን ይጥላል፤ ሽንቱንም ይረጫል። ጥንቸል በ1859 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ቶማስ ኦስቲን በተባለ ሰው እጅ ለአደን ተብሎ በአውስትራልያ ተለቅቆ እጅግ በመብዛቱ፥ የዚያ አገር ሊቃውንት ጠባዩን አጥብቀው መርምረዋል። ከእነርሱም ሮማን ሚኪቶቪች የተባለው ተመራማሪ በ1960ዎቹ ዓመታት፥ ከማኅበሩ መካከል የበላይ የሆነው ወንድ ከሌሎቹ የተለቀ የአገጭ ዕጢ እንዳለውና ምልክት ማድረግንም እንደሚያበዛ ገልጧል። ጥንቸል የራሱ ጠረን ባለበት ስፍራ ይበልጥ እንደሚደፍር፥ በባዕድ ጠረን መካከል ግን እንደሚፈራም ከእነዚህ ምርምሮች ታውቋል።

ይህ ጠባይ የሚጀምረው ጥንቸሉ ለአካለ መጠን ሲደርስ ነው። ይኸውም እንደ ዘሩ ትንሽነትና ትልቅነት ይለያያል እንጂ፥ በብዙዎቹ ዘንድ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው። በረዶም በታኅሣሥ አራት ወር አልፎት ነበር። መርጨት በወንዶች ይበዛል፤ ሴቶቹም ግን አልፎ አልፎ ያደርጉታል። ወንዱ እግር እየዞረና እያጕረመረመ የሚረጨው የፍቅር ጥያቄ ነው። ሴት ጥንቸል ባታገኝ እንኳ የሚወደውን ሰው እግር ይዞራል። ቤት መለወጥ፥ አዲስ እንስሳ መምጣት፥ የዕቃ አቀማመጥ መዛወርም ምልክቱን ያበዛዋል። አልጋና ፍራሽ ለስላሳ ከመሆናቸውም በላይ የሰው ጠረን አጥብቀው ስለሚይዙ ብዙ ጊዜ ምልክት የሚደረግባቸው እነርሱ ናቸው። ሐኪሙ «መምህር፥ ጥንቸሉ የልጁን ፍራሽ የመረጠው አብዝቶ የሚቀርበው እርሱ ስለ ሆነ ሊሆን ይችላል» አለን።

ስለ ነጩ ዱቄትም ጠየቅነው። ጥንቸል በምግቡ የሚገኘውን ትርፍ ካልሲየም የሚያስወግደው በኩላሊቱ በኩል ነው። ስለዚህ ሽንቱ የደፈረሰ ሲሆን፥ በደረቀ ጊዜ የሚቀረው ነጭ ነገር የኖራ ድንጋይ የሚገኝበት ያው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ከሚበላው ቅጠል በሚመጣ ቀለምም ሽንቱ ብጫ፥ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ብቻውን ደም አይደለም።

ይሁን እንጂ ያለ ስፍራው የሚገኝ ሽንት ሁሉ ምልክት ነው ማለት አይደለም። ምልክት በጥቂቱ፥ በግድግዳና በዕቃ ላይ ተረጭቶ ይገኛል። ጥንቸሉ ባለበት ስፍራ የሚያፈስ ከሆነ፥ ሲሸና የሚያምጥ ከሆነ፥ የኋላ ጠጕሩ ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ፥ በሽንቱ ውስጥ የደም ጓል ወይም እንደ ጭቃ የወፈረ ዝቃጭ ከታየ፥ የፊኛ ሕመም ወይም ጠጠር ሊሆን ስለሚችል ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። አስቀድሞ በሣጥኑ ይሸና የነበረ ያረጀ ጥንቸል በድንገት ልማዱን ቢተው፥ የመገጣጠሚያ ሕመም ሣጥኑ ውስጥ መግባት ከልክሎት ሊሆን ይችላል።

ዋናው መፍትሔ ማኮላሸት ነው። ይህ በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ ገበሬው ወይፈኑን አኮላሽቶ ይጠምዳል፥ በጉንና ፍየሉንም ሙክት ያደርጋል። የጥንቸል ግን በሜዳ የሚሠራ አይደለም፤ የጥንቸልን ሰውነት በሚያውቅ ሐኪም እጅ፥ በማደንዘዣ ይፈጸማል። ጥንቸል ማስመለስ ስለማይችልና አንጀቱም ከሥራ መቆም ስለሌለበት፥ እንደ ውሻ ሌሊቱን ጦሙን አድሮ አይቀርብም። ከሕክምናው በኋላ በደሙ ውስጥ ያለው ሆርሞን እስኪቀንስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ገና ሊያስረግዝ ይችላልና ከሴት ጥንቸል ይለያል፤ ሴቲቱ ከ31 ቀን ገደማ በኋላ ትወልዳለችና። ለሴቲቱም ቢሆን ማሕፀንዋንና የዕንቍላል ዕጢዎችዋን ማስወጣት መርጨትን ከመቀነሱ ሌላ፥ በዕድሜ በገፉ ሴት ጥንቸሎች ላይ ከሚበዛው የማሕፀን ካንሰር ያድናታል።

ለማጽዳት የሚሻለው ነጭ ኮምጣጤን ከእኩል ውኃ ጋራ ቀላቅሎ መቀባትና ጥቂት ቆይቶ መወልወል ነው። ኮምጣጤ ያንን ነጭ ኖራ ያሟሟዋል፥ ሽታውንም ያጠፋል። አሞንያ ያለበት ማጽጃ ግን የሽንት ጠረን ስለሚመስለው ጥንቸሉን ደግሞ እንዲረጭ ይጋብዘዋል። እናቶች ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፤ በረኪና ከኮምጣጤም ሆነ ከሽንት ጋራ ሲገናኝ መርዛም ጋዝ ያወጣልና ከቶ አታገናኟቸው።

ሣጥንም ያስፈልገዋል። ጥንቸል እየበላ መሽናት ይወዳል፤ ስለዚህ በሣጥኑ ግርጌ ወረቀት አንጥፎ፥ ድርቆሹን በአንድ ወገን ማድረግ፥ በሽንቱ የረጠበ ወረቀትም ጥቂት ትቶ ስፍራውን ማስለመድ ነው። ሽታው የሚከነክነው የጥድ ሰጋቱራ ለጤናው አይስማማውም። በመጨረሻም፥ ጥንቸልን ስለ ሽንቱ መምታትና መጮኽበት ከቶ አይጠቅምም። ታዳኝ ፍጥረት ነውና ከቅጣት የሚማረው ፍርሃትን ብቻ ነው፤ የፈራ ጥንቸል ደግሞ ምልክቱን ያበዛል።

ይህን የመጨረሻ ቃል ሐኪሙ ሲናገር ብላቴናው አጠገባችን ቆሞ ነበር። እኛም ወደ እርሱ ማየት ከበደን። ለአንድ ጥንቸል የማይገባውን ቅጣት በማን ላይ እንደ ፈጸምን እናውቃለንና። በእውነቱ የሸናው እርሱ ራሱ ቢሆንስ ኖሮ? ሕፃን በእንቅልፉ የሚያመልጠው ሽንት ፈቃዱ አይደለም። ይልቁንም አባቱን የቀበረና አገሩን የለቀቀ ልጅ ላይ ቢደርስ የሚያስፈልገው ደረቅ አንሶላና ለስላሳ ቃል ነው። እኛ ሁለት ጊዜ ተሳስተናል፤ አንደኛው ያላጠፋውን ልጅ ጥፋተኛ ማድረጋችን፥ ሁለተኛው ጥፋት ያልሆነውን ነገር መቅጣታችን ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ «ልጄ፥ ስለ ምን እውነቱን አልነገርከንም?» ብለን ጠየቅነው። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «በረዶን ካባረሩት ማን ይወስደዋል ብዬ» አለን። ሌላ ምንም አልጨመረም። እኛም በቤታችን አራት ወር ያልሞላው ጥንቸል ፍራሹንና ግድግዳውን «የእኔ ነው» ሲል፥ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የወንድማችን ልጅ ግን ዛሬም መባረርን እንደሚያስብ ያን ጊዜ ተረዳን።

በቤተ ሰባችን ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። ሆኖም ያዋረድነው በአደባባይ ስለ ነበር፥ ይህ ብቻ በቂ ሆኖ አልታየንም። በማግሥቱ ማለዳ ያንን ፍራሽ ራሳችን ተሸክመን ወደ ግቢው ወጣን። የጎረቤት ልጆችንም ጠርተን «ይህን ያረጠበው ጥንቸሉ ነው፤ ልጃችንን ያለ በደሉ ያሳፈርነው እኛ ነን። ስለዚህ ያወጣችሁለትን ስም ለእኛ አድርጉት» አልናቸው። ልጆቹ ሳቁ። ብላቴናውም በራፉ ላይ ቆሞ ሲስቅ አየነው፤ ወደ ቤታችን ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ስናየው የመጀመሪያችን ነበር። አማታችን ብቻ «መምህር ይህን ያህል ራሱን ማዋረድ የለበትም» ብለው ለባለቤታችን ነገሯት። ማታ ግን ከሙዳያቸው ገንዘብ አውጥተው «ለልጁ የእንጨት አልጋ አሠሩለት» ብለው የሰጡን እርሳቸው ናቸው።

አልጋው ተሠርቶ በመጣ ቀን፥ ሰሌዳ ከምንጽፍበት ጠመኔ አንዱን ሰጥተነው ስሙን በራስጌው ላይ እንዲጽፍ አዘዝነው። በጠማማ ፊደል ስሙንና የአባቱን ስም ጻፈ። ጥቂት አሰበና ከበታቹ የበረዶን ስም ጨመረ።

በረዶ በየካቲት ወር ታከመ። በመጋቢት መጨረሻ ገደማ መርጨቱ እየቀነሰ ሄዶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ድመት ገብታ ባስደነገጠችው ጊዜ አንድ ቀን ብቻ በሩን ረጭቷል። በሚገባ የተያዘ ጥንቸል ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ሊኖር ይችላልና፥ ገና ብዙ ዘመን አብሮን እንደሚኖር ተስፋ እናደርጋለን። ብላቴናውም ዛሬ አሥር ዓመት አልፎታል። የጥንቸሉን ሣጥን የሚጠርገው አሁንም እርሱ ነው፤ በማዕድ ላይ ግን «ብላ» መባልን መጠበቅ ከተወ ቆይቷል። እንዲያውም ባለፈው ሰሞን የእንጀራው ጫፍ ለማን ይገባል በሚል ከልጆቻችን ጋራ ሲጣላ ሰምተን፥ መገሠጽ ሲገባን ደስ ብሎን ዝም አልን።

እንግዲህ ውድ አንባብያን ሆይ፥ በቤታችሁ እርጥብ ፍራሽ ብታገኙ፥ ከመቈጣታችሁ በፊት ግድግዳውን እዩ፥ አንሶላው ሲደርቅ ምን እንደሚተው እዩ፥ ያጠበችውንም እናት ጠይቁ። ዝም ያለውን ልጅ ደግሞ ቀስ ብላችሁ ለብቻው አነጋግሩት። ለእኛ ይህን ያስተማረን በመጽሐፍ ከማይበሉት ጋራ የተቈጠረ አንድ ትንሽ እንስሳ ነው። የሕፃናትን ዝምታ የምንረዳበት ልቡና አምላካችን ለሁላችንም ይስጠን።